ሞንታርቦው የጠራት ልጅ

በሰኔ እንዲህ ያለ ነፋስ አልለመድንም ነበር። በረሃውን ተሸክሞ ገብቶ ጠዋቱን ቢጫ አደረገው። ከቤታችን ወዲያ ያለው የሸንኮራ አገዳ ማሳ ጨርሶ አይታይም፤ ፀሐይ ላይ ኩፍ እንዲል ጣራ ላይ ያወጣሁት የዳቦ ሊጥ በጨርቅ ብሸፍነውም አቧራ ለብሷል። ረውሒያ በር ላይ ቆማ ጫማዋን ታጠልቃለች። በእጇ የያዘችው ውስጡ የሚታይ ላስቲክ ነው፤ እስክሪብቶ፣ መታወቂያና ውሃ። ሌላ ነገር አያስገቡም። የሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ ፈተና እየተሰጠ ነበር፤ የዚያን ዕለቱ ፊዚክስ ነው።

«አክስቴ፣ ሊጡን አስገቢው» አለችኝ። «እርሾው ፀሐይ አይደለም የሚፈልገው፣ ሙቀት ነው። ቤት ውስጥም ይሠራል።»

«አንቺ ፈተናሽን ተፈተኚ፣ ሊጡን ለእኔ ተዪው።»

ግቢው ውስጥ ባለቤቴ ሸሃታ ሻዩን እየጠጣ ነበር። አጠገቡ ስትደርስ ቆመች።

«አጎቴ፣ ቃልህን።»

«ቃሌን» አላት፣ ከብርጭቆው ቀና ሳይል።

እሱ ቀና አለማለቱን አይቻለሁ። ቁም ነገር አላደረግሁትም፤ ሁልጊዜም ጠዋት ጠዋት እንደዚያው ነው።

ሸሃታ በመንደራችንና በዙሪያው ባሉት መንደሮች የሰርግ ሞንታርቦ የሚያከራይ ሰው ነው። ያከራያል ስል እቃውን ሰጥቶ ቤቱ አይተኛም፤ ማይኩን የሚይዘው ራሱ ነው። ማን ከየትኛው ቤተሰብ እንደመጣ፣ ማን ለሙሽራው ምን እንዳበረከተ በስም እየጠራ ያወድሳል። «ይህ ሰላምታ ከእገሌ ለእገሌ» ሲል የተጠራው ሰው ደረቱ ይነፋል። የሚወደደውም በዚህ ነው። ረውሒያ የእህቱ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ገና የወተት ጥርሷን አልነቀለችም ነበር። አባቷ መህራን ሌላ ሚስት አግብቶ፣ መንግሥት ከምዕራቡ በረሃ ቆርሶ ወደሚያድለው አዲስ መሬት ሲሄድ እኛ ጋ ተዋት። እኔ አልወለድኩም። ስለዚህ ማንም ምንም ሳይናገር ልጄ ሆነች።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። እናቴ መንታ ወለደችና አንደኛውን የሚይዝላት ሰው ጠፋ፤ በቃ፣ ቀረሁ። ማንበብ እችላለሁ፣ ቀስ እያልኩ። ረውሒያ ደግሞ ያጠናችውን ለሰው ካላወራች የማይገባት ልጅ ነበረች። ሰው የተባልኩት እኔ ነኝ። ለወጥ የሚሆን የሞሎኪያ ቅጠል ስቀነጥስ፣ ሊጥ ሳቦካ፣ ሩዝ ስለቅም አጠገቤ ቁጭ ብላ ታስተምረኛለች።

«ፈንክሽን ማለት እንደ ወፍጮ ቤት ነው» አለችኝ አንድ ቀን፣ የሒሳብ መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ። «ስንዴ ካስገባሽ የስንዴ ዱቄት፣ በቆሎ ካስገባሽ የበቆሎ ዱቄት። ያንኑ እህል አስገብተሽ አንዴ ይሄ፣ አንዴ ያ የሚወጣ ከሆነ ፈንክሽን አይባልም።»

«የኛ ወፍጮ ቤት እንግዲያው ፈንክሽን አይደለም። ንጹሕ ስንዴ ሰጥቼው አንዳንዴ ዱቄት፣ አንዳንዴ ጠጠር ነው የሚመልስልኝ።»

እስኪያንቃት ሳቀች። በማግስቱ ለአስተማሪው ነግራው እሱም ሳቀ አለችኝ።

የኢኮኖሚክስ ትምህርትም ነበራት። የአንድ ነገር እውነተኛ ዋጋ እሱን ለማግኘት ስትዪ የተውሽው ሌላ ነገር ነው ትለኛለች። ማሳሽ ላይ አገዳ ከተከልሽ ዋጋው ያልተከልሽው ነጭ ሽንኩርት ነው። ነገሩ ገባኝ። «እኔ ከአራተኛ ክፍል ስወጣ የተውኩትስ?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እሱን መጽሐፉ አያሰላውም፣ አክስቴ» አለች። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ምዕራፍ አላወራችኝም።

ሸሃታ ግን በትምህርቷ ማመን የጀመረው በመብራቱ ነው። ለሰርግ የሚሰቅለው የአምፖል ገመድ ነበረው፤ አንዷ አምፖል ስትቃጠል ሁሉም ድርግም ይላሉ። ሙሽሮቹን በጨለማ ጥሎ መሰላል ላይ ወጥቶ አንድ በአንድ ይፈትሻል፣ ሰው ያፏጭበታል። ረውሒያ አንድ ከሰዓት መሬት ላይ በጠመኔ ሣለችለት። አምፖሎቹ አንዱ በአንዱ ጀርባ ከተሰለፉ የአንዱ ሞት የሁሉም ሞት ነው፤ ጎን ለጎን ከገቡ ግን እያንዳንዱ የራሱ መንገድ አለው፣ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይበራል። እንዳለችው አድርጎ ገመዱን ቀየረ። በሚቀጥለው ሰርግ ላይ ሁለት አምፖል ተቃጥሎ ሌሎቹ ሲበሩ ማይኩን ይዞ «ይህ መብራት የእህቴ ልጅ የረውሒያ ሥራ ነው» ብሎ ለመንደሩ ሁሉ ለፈፈ። ለሙሽራዋ እንኳ ያን ያህል አላወደሳትም።

ልቧ ያለው ግን ፕሮግራሚንግ ላይ ነበር። ትምህርት ቤታቸው ኮምፒውተር አለው፤ አንድ ሙሉ ክፍል። ክፍሉ ግን ሁልጊዜ ቁልፍ ነው። እቃውን ፈርሞ የተረከበው አስተማሪ አንዱ ቢበላሽ ከደመወዙ ስለሚቆረጥበት ልጅ አያስነካም፤ በሀገሩ ትምህርት ቤት ሁሉ እንዲህ ነው። ስለዚህ ፕሮግራም የሚማሩት ወረቀት ላይ ነው። ረውሒያ ወረቀት ላይ ትጽፍና ማሽን የምትሆነው እኔ ነኝ።

«ያልኩሽን ብቻ አድርጊ» ትለኛለች። «የምፈልገውን ገምተሽ እንዳታደርጊ። ማሽን የምትፈልጊውን አያደርግም፤ ያልሽውን ነው የሚያደርገው።» አንድ ቀን «ማሰሮው እስኪሞላ ድረስ አንድ አንድ ጣሳ ውሃ ጨምሪ» ብላ አዘዘችኝ። የተሰነጠቀውን ማሰሮ አቀረብኩላት። ስጨምር ይፈሳል፣ ስጨምር ይፈሳል፤ ግቢው ጭቃ ሆነ። «በቃ ልበል?» አልኳት። «ማሽን በቃ አይልም» አለች፣ ሆዷን ይዛ። «መውጫ ካልጻፍኩልሽ እስከ ዕለተ ሞትሽ ትቀጂያለሽ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማሰሮው እንደሚያፈስ አላሰብኩም።»

ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኮምፒውተር ትምህርት ክፍል ለመግባት ከፍ ያለ ውጤት ያስፈልጋል። ውጤቱ ባይመጣስ? አባቷ በዓመት አንዴ ለበዓል ሲመጣ የተናገረው ነገር ነበር። ሚስቱ አምስት ወልዳ ወገቧ ተሰብሯል፣ መሬቱ ሰው ይፈልጋል። «አንድ ፈተና» አለ መህራን፣ በግ እየገፈፈ። «ካለፈች ትሂድ፣ መንገዷ ላይ አልቆምም። ካልሆነላት ግን ልጄን እወስዳለሁ፤ የሰው ቤት ስትኖር በቃት።» የሰው ቤት ያለው የኔን ቤት ነው። ረውሒያ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ማጥናት ጀመረች።

አሁን ስለ ሞንታርቦው ልናገር። እኛ ዘንድ ፈተና ሲመጣ ልጅ ብቻውን አይፈተንም። ዘመድ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ይከማቻል። አዳራሹ እንደተዘጋ አንዱ በሆነ መንገድ የጥያቄውን ፎቶ በስልክ ያወጣል፣ ከተማ ያለ አንድ አስጠኚ ይሠራዋል፣ መልሱ ይመለሳል፣ ከዚያ አንድ ሰው ጣራ ላይ ወይም ባጃጅ ላይ ሆኖ በድምፅ ማጉያ ያነበዋል። ፖሊስ ያባርራል፣ እነሱም ይሮጣሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ። ነውር ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው የለም። የሚጮህለት የሌለው ልጅ ነው የሚታዘንለት።

ረውሒያ ይህን ታውቃለች። ፈተናው ሳይጀመር አጎቷን አስቀምጣ ለመነችው። «አጎቴ፣ አትምጣ። እኔ መልሱን አውቀዋለሁ። ባለፈው ዓመት ከወንዙ ማዶ በጩኸት ምክንያት አዳራሹን ሙሉ ሰርዘውታል። እኔ ሌላ ፈተና የለኝም።» ሸሃታ በእህቱ መቃብር ማለላት። የመጀመሪያዎቹን ፈተናዎች ሁሉ ቤት ቁጭ ብሎ አሳለፈ። ልጅቷ በየቀኑ ፊቷ እየበራ ትመለስ ነበር።

ከፊዚክስ በፊት ባለው ቀን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ባለ ሱቁ ፈርጋሊ መጣ። ልጁ ከረውሒያ ጋር እዚያው አዳራሽ ነው። በር ላይ ሆኜ ሰማኋቸው።

«ረይስ ሸሃታ» አለ ፈርጋሊ እንደ አለቃ አክብሮት፣ «የባለ ባጃጁ ድምፅ ማጉያ ተቃጥሏል። ልጆቹ ነገ ምን ይሁኑ?»

«ይሥሩታ። መጽሐፍ የገዛችሁላቸው ለምንድን ነው?»

«የሰው ሰርግ ላይ የሞተ ሰው የሚቀሰቅስ ድምፅ አለህ። የገዛ እህትህ ልጅ ስትሆን ጉሮሮህ ተዘጋ?»

«አትምጣ ብላኛለች።»

«እሷማ ጨዋ ልጅ ናት፣ ምን ትበል? እናት የላት። ነገ ሁሉም ልጅ የአባቱን ድምፅ ሲሰማ እሷ ምን ትሰማለች? ነፋስ?» አለና ረጅም የጋላቢያ ቀሚሱን አራግፎ ተነሣ። «ለኔ ብለህ አይደለም። ለሟች እህትህ ነው ያዘንኩት።»

ሲወጣ እኔን አይቶ «ደህና አምሺ» አለኝ። ሸሃታ ሻይ አፍልቼ ባቀርብለት አልጠጣም።

ያን ቢጫ ጠዋት ሊጡን ከጣራ ላወርድ ስወጣ ሸሃታ ግቢው ውስጥ አልነበረም። ሞንታርቦውም የለም። ጣራው ላይ ሆኜ ሰማሁት፤ ነፋሱ ድምፁን አንዴ ያመጣዋል፣ አንዴ ይወስደዋል። «አንድ፣ ለ። አንድ፣ ለ። ሁለት፣ መ። ሁለት፣ መ።» ሁሉንም ሁለት ሁለቴ ይላል፣ በሰርግ እንደሚያደርገው። ሊጡን ይዤ ቆምኩ። እስኪጨርስ ጠበቅሁ፤ ሌላ ምን ላደርግ እችል ነበር፣ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው። ጨረሰ። አሁን ይሮጣል ብዬ ሳስብ ድምፁ እንደገና መጣ፣ ሞቅ ብሎ፣ የሰርጉ ድምፅ።

«ይህ ሰላምታ ከአጎቷ ከረይስ ሸሃታ ለእህቱ ልጅ ለረውሒያ መህራን። ለነገዋ ሊቅ። እናትሽ ብትኖር እሷ ትጠራሽ ነበር፣ የእኔ ልጅ።»

ሊጡን አስቀምጬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ረውሒያ ከእሱ ቀድማ ነው የመጣችው። ፊቷ አቧራ ብቻ ነው። ገንዳው ላይ ታጠበች፣ ፎጣውን ሰቀለች፣ ተቀመጠች። ሸሃታ ሲገባ የሮጠ ሰው ላብ አለበት፣ ፈገግ ብሎ ነበር። አያትና ፈገግታው ቀረ።

«ሰማሽኝ?»

«ሁሉም ሰምቶሃል።»

«ታዲያ ጻፍሽ?»

«አጎቴ» አለችው ቀስ ብላ፣ ለእኔ ምዕራፍ እንደምታስረዳኝ፣ «ጥያቄዎቹ በየወረቀቱ ተዘበራርቀው ነው የሚታተሙት። የኔ አንደኛ ለሌላው ሃያኛ ነው። ያነበብከው ፎቶ ያነሣውን የአንዱን ልጅ ወረቀት መልስ ነው። ሌላው ሁሉ ስህተት ጻፈ።»

«አንቺም?»

«እኔ የራሴን ነው የሠራሁት። ጆሮዬን ደፍኜ።»

«እሰይ» አለ፣ ትንፋሹ መለስ ብሎ። «እሰይ። እንግዲያው ምንም አልሆነም።»

«ስሜን ለምን ጠራህ?»

ሸሃታ እጁን አየ። «እንጃ» አለ። «ማይኩን ስይዝ እንዲሁ ይመጣል።»

የፈተናው ተቆጣጣሪ ግን ያን ስም ጽፎት ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው መጣ፤ የአዳራሹ የፊዚክስ ፈተና ተሰርዟል። ሌሎቹ ልጆች በነሐሴ እንደገና ይፈተናሉ። ከእነሱ ማንም በስም አልተጠራማ። ረውሒያ መህራን ግን በስም ተጠርታለች፤ ማኮረጁ ለእሷ የተደረገ ነው ተብሎ ሁለት ዓመት እንዳትፈተን ታገደች።

ሸሃታ ራሱ ወደ ፖሊስ ሄደ። ማንም አልጠራውም። «እኔ ነኝ፣ ልጅቷ አትምጣ ብላኛለች፣ እኔን እሰሩኝ» አለ። አሰሩት፣ ሞንታርቦውንም ወሰዱ። ቃሉን ሲቀበሉ የጻፉት ግን አንዱን ብቻ ነው፤ አንባቢው አጎቷ መሆኑን አምኗል የሚለውን። ለእሷ መከላከያ ይሆናል ያለው ነገር ማስረጃ ሆነባት። ሲፈታ ይህን ማን እንደነገረው አላውቅም፤ እኔ አልነገርኩትም።

ረውሒያና እኔ ከተማ ወዳለው ቢሮ ሄድን። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሰውዬ የባቄላ ሳንድዊቹን ጋዜጣ ላይ ዘርግቶ ይበላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወንበር አሳየን።

«ጌታዬ፣ አጎቴ ያነበበው ይሄ ነው» አለችው። የፈርጋሊ ልጅ የተነበበውን ጽፎበት ከአዳራሹ ይዞት ከወጣው የጥያቄ ወረቀት ላይ ገልብጣ አምጥታለች። «የኔን ወረቀት አውጥታችሁ ከዚህ ጋር አስተያዩት። አይገጥምም። ኮርጄ ቢሆን ይገጥም ነበር።»

ሰውዬው አኘከና ዋጠ። «ብልህ ነሽ። ግን የተሰረዘ አዳራሽ ወረቀት አይከፈትም።»

«ካልተከፈተ እንዳልኮረጅኩ በምን ይታወቃል?»

«እንዳልኮረጅሽ ከታወቀ ይከፈታል።»

«እንዲታወቅ እኮ መከፈት አለበት።»

«እንዲከፈት መታወቅ አለበት፣ ልጄ። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም። እናትየው፣ ሻይ ላምጣልሽ?»

ሻይ አልፈለግሁም። ደረጃው ላይ ስንወርድ ረውሒያ መሐል ላይ ቁጭ አለች። ሰው በግራና በቀኛችን እየታከከ ያልፋል።

«አክስቴ» አለች፣ «ማሰሮው ነው።»

«የቱ ማሰሮ?»

«የሚያፈሰው። መውጫ አልጻፉለትም።»

አቀፍኳት። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። በቀጣዮቹ ሳምንታት ሌላም ቦታ ሄድን፤ አንዱ ወደ ሌላው ላከን፣ ሌላው ወደ መጀመሪያው መለሰን። ባለ ሳንድዊቹ ሰውዬ መጨረሻ ላይ ስማችንን አወቀው።

በነሐሴ የፈርጋሊ ልጅ እንደገና ተፈትኖ አለፈ። ፈርጋሊ ስኳር ይዞ መጣ። በሩን ከፍቼ ስኳሩን ተቀበልኩና ዘጋሁት። ሰው ምን ይላል ብዬ ነው የተቀበልኩት።

መህራን የመጣው የቴምር ለቀማ ሳይጀመር ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፣ ከሸሃታ ጋር ሳይጨባበጥ ተቀመጠ።

«አቡ ረውሒያ» አልኩት በልጁ ስም ጠርቼው፣ «እገዳው ያልፋል። ሁለት ዓመት ምንም አይደለም። እዚህ ትቆይና ትፈተናለች። እኔ በሷ ላይ ምንም ሥራ አልጥልም፣ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ስላሳደግሻት አላህ ይክፈልሽ።» ጢሙን ዳሰሰ። «ግን የሰረዝኩት እኔ ነኝ እንዴ? አንድ ፈተና አልኩ፣ ቃሌን ጠበቅሁ። ቃሉን ያልጠበቀው ሌላ ሰው ነው።»

ሸሃታ ከጥጉ ሆኖ «እኔን ውሰደኝ» አለው። «መሬትህ ላይ ልሥራልህ። እሷን ተዋት።»

መህራን ቁልቁል አየው። «አንተ ምን ትሠራልኛለህ፣ ለቲማቲሙ ትዘፍንለታለህ?»

ማንም አልሳቀም። ረውሒያ ከጓዳ ልብሷን በጨርቅ ቋጥራ ወጣች። እየተከራከርን ሳለ ነው የቋጠረችው።

«ይብቃ፣ አክስቴ» አለችኝ። «አትለምኚው።»

«መጽሐፎችሽስ?»

«እዚያ ቦታ የለም። እዚህ ይቀመጡ።» ከዚያ አጎቷ ጋ ሄዳ ጎንበስ ብላ ራሱን ሳመችው። እሱ እጇን ይዞ አንድ ነገር ለማለት ሞከረ፤ ያ ሁሉ ድምፅ ከየት እንደሚያመጣው ስገረም የኖርኩት ሰው፣ አፉ ተከፍቶ ምንም አልወጣውም። አባቷ በመጣበት የጭነት መኪና ላይ ከኋላ ወጣች፣ ከባዶ የቲማቲም ሣጥኖቹ ጋር። እስኪታጠፍ ድረስ ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ነበር።

ሸሃታ ከዚያ ወዲያ ሰርግ አልሠራም። ሞንታርቦውን ሲመልሱለት በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ በረት ውስጥ አስቀመጠው፤ ዶሮዎቹ ላዩ ላይ ያድራሉ። ሰው ሲጠይቀው ጉሮሮዬን አሞኛል ይላል። አሁን ለሰው አገዳ ይቆርጣል።

እኔ አንዳንድ ጊዜ መጽሐፎቹን አወጣና አቧራቸውን እጠርጋለሁ። የወፍጮ ቤቱን ገጽ አገኘዋለሁ፣ በእርሳስ ዳር ላይ «አክስቴ፦ ጠጠር» ብላ ጽፋበታለች። የሚቀጥለውን ገጽ ለማንበብ ሞክሬአለሁ። ብቻዬን አይገባኝም።

ረውሒያ ዛሬ በምዕራቡ በረሃ፣ በአባቷ መሬት ላይ ናት። ጠዋት ጠዋት ቲማቲም ትለቅማለች፣ ከሰዓት የእንጀራ እናቷን ልጆች ታጥባለች፣ ትመግባለች። እገዳው ካለፈ ቆይቷል። ለፈተናው አልተመዘገበችም።